በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደስ፦ «ጃፓንን ስለሠራት» እንግሊዛዊ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አራተኛዋ የአክስቴ ልጅ ነች፤ «ይሄን ሳታነብ እንዳትተኛ» ብላ። አነበብኩት። ከዚያ በኋላም አልተኛሁም።

ጽሑፉ ስለ ዊልያም አዳምስ ነው፤ በ1600 ጃፓን ስለደረሰው እንግሊዛዊ መርከበኛ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የጸሐፊው ብዕር ይጣፍጣል፤ ይህን አልክድም። ችግሩ ታሪኩም አብሮ ከልኩ በላይ መጣፈጡ ነው።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። አዳምስ ጃፓን እንደደረሰ ኃያሉ የጦር ጌታ፣ ኋላ የአገሪቱ ገዢ የሆነው ቶኩጋዋ ኢዬያሱ አእምሮውን አይቶ በአንድ ጀምበር ሳሙራይ አደረገው። መርከቡ ይዛ የመጣችው መድፍ በሴኪጋሃራ ጦርነት ላይ ለኢዬያሱ ድል አስገኘ። ጃፓኖችን መርከብ መሥራት አስተማረ፤ የባሕር ኃይላቸው አባት እሱ ነው። በገዢው ጆሮ ሹክ እያለ ካቶሊኮቹን አስባረረ፤ አገሪቱንም አስዘጋ። እስኪሞት ድረስ ከዙፋኑ ጀርባ የቆመ ሰው ነበር። እንግሊዝ የተዋትን ሚስቱንና ልጁን ግን ጨርሶ ረሳ። ከዚህ ሁሉ ተነስተው «ጃፓንን የሠራት አንድ ፈረንጅ ነው» ብለው ይቋጩታል።

አዳምስ የለም አልልም። ጃፓንን የረገጠ የመጀመሪያው እንግሊዛዊ እሱ ነው፤ ይህን ጸሐፊው በትክክል ጽፈውታል። ትልቅ ሰው መሆኑም እውነት ነው። እኔ የምለው ጽሑፉ ሥራውን ለማይገባው ሰው ሰጥቶታል ነው። ጨዉ ኢዬያሱ ሆኖ ሳለ በርበሬው ተወደሰ። (ስሙ ከእኛው አድያም ሰገድ ኢያሱ ጋር እንዳይምታታባችሁ። እኔ ራሴ ስጽፍ ሦስቴ ተሳስቻለሁ።)

ከ«በአንድ ጀምበር» ልጀምር። አዳምስ የተቀጠረበት የሆላንዶች ጉዞ በ1598 ከሮተርዳም ሲነሳ አምስት መርከብ ነበር። ጃፓን የደረሰችው አንዷ ብቻ ናት። ሊፍደ ትባላለች፤ «ፍቅር» ማለት ነው። መቶ ያህል ሰው ጭና ተነስታ በሕይወት የደረሱት 24 ነበሩ። በኪዩሹ ደሴት ቡንጎ በተባለው ዳርቻ መልሕቅ ሲጥሉ ከእነሱም በእግሩ መቆም የሚችለው ጥቂቱ ነው። የአገሬው ሰው መርከቧ ላይ ወጥቶ ያገኘውን ሲያግዝ «ተው» የሚል ጉልበት ያለው አልነበረም። ለማስተርጎም የመጣላቸው ደግሞ የፖርቱጋሎች ወገን የሆነ የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን ማኅበር) ካህን ነበር። ፖርቱጋሎቹ «እነዚህ ነጋዴ አይደሉም፣ የባሕር ወንበዴዎች ናቸው፤ ይሰቀሉ» አሉ።

ኢዬያሱ ካፒቴኑ ታሞ ስለነበር አዳምስን ኦሳካ አስጠርቶ ጠየቀው። ከየት መጣህ? አገርህ ከማን ጋር ይዋጋል? ምን ታመልካላችሁ? በየት በኩል መጣችሁ? አዳምስ ካርታ ዘርግቶ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ በማጄላን መተላለፊያ በኩል ዞረው መምጣታቸውን አሳየው። ኢዬያሱ ውሸት መሰለው። ጥያቄው እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። ከዚያስ? ከዚያማ እስር ቤት ገባ። 40 ቀን ገደማ እዚያው ተቀመጠ፤ ዛሬ ወይም ነገ በመስቀል ላይ ይቸነክሩኛል እያለ። ይህን የምናውቀው እሱ ራሱ በ1611 ከጻፈው ደብዳቤ ነው።

ፖርቱጋሎቹ መርከበኞቹ ይገደሉ እያሉ ሲወተውቱ ኢዬያሱ የሰጠውን መልስም አዳምስ ጽፎታል። ሰዎቹ እኔንም አገሬንም አልበደሉም፤ እናንተ ከእነሱ ጋር ስለተጣላችሁ ብዬ የምገድልበት ምክንያት የለም የሚል ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው የአዳምስን ብልህነት ያያሉ። እኔ የማየው የ57 ዓመቱን ሽማግሌ ነው። ጃፓን ለ57 ዓመት ስለ አውሮፓ የምትሰማው ከአንድ ወገን አፍ ብቻ ነበር። አሁን የዚያ ወገን ጠላት በእግሩ መጣለት። ምስክር ሁለት ሲሆን ዳኛ ይመቸዋል። ኢዬያሱ ምስክሩን ለምን ይሰቅላል?

ከእስር ሲወጣስ ሳሙራይ ሆነ? አልሆነም። በሕይወት ለተረፉት ሁሉ በቀን አንድ ኪሎ ያህል ሩዝና በዓመት 11 ወይም 12 ዱካት (የአውሮፓ የወርቅ ገንዘብ) ተቆረጠላቸው። ካፒቴኑም፣ አዳምስም፣ ተራው መርከበኛም እኩል። መርከብ ከሠራ በኋላ ነው ደመወዙ ወደ 70 ዱካት ከፍ ያለለት። መሬቱም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጃፓን በደረሰ በአሥራ አንደኛው ዓመት በጻፈው ደብዳቤ ላይ ነው ከ80 እስከ 90 ገበሬ የሚያገለግሉት ጌታ ሆኖ የምናገኘው።

ይህን ነገር ለእኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ጉልት ነው። በሚኡራ ልሳነ ምድር ላይ ሄሚ የምትባል መንደር ተሰጠችው። ዛሬ ዮኮሱካ ከተማ ውስጥ ናት። ገበሬው ይገብርለታል፣ እሱ ለኢዬያሱ ያገለግላል። ግብሩ 250 ኮኩ ያህል ይገመታል። ኮኩ ማለት አንድ ሰው ዓመቱን የሚቀለብበት የሩዝ መጠን ነው። 250 ሰው መቀለብ ለእንግሊዙ የኬንት አውራጃ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ ሰው ዳይምዮ፣ ማለትም የክፍለ ሀገር ጌታ፣ ለመባል ትንሹ 10,000 ኮኩ ነበር፤ የአዳምስን አርባ እጥፍ። የማኤዳ ቤተሰብ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ኮኩ በላይ ነበራቸው። በእኛ አነጋገር ደጃዝማች አይደለም፤ የአንዲት መንደር ጉልተኛ ነው።

ስሙንም እንይ። ጃፓኖቹ «ሚኡራ አንጂን» ይሉታል። ጸሐፊው «ከፍ ያለ የሳሙራይ ማዕረግ» ብለው ተርጉመውታል። ማዕረግ አይደለም። ሚኡራ የቦታው ስም ነው። አንጂን ደግሞ የኮምፓስን መርፌ እያየ መርከብን የሚመራ ሰው ነው። በካፒቴን ሥር ሆኖ መንገድ የሚያውቀው እሱ ነው። ስለዚህ ስሙ ሲተረጎም «የሚኡራው መርከብ መሪ» ነው። ሳሙራይ ነበር አልነበረም በሚለው አልከራከርም። ጉልትም ሰይፍም ነበረው፤ ይበቃል። ብቸኛው ግን አልነበረም። ከዚያችው መርከብ የወረደው ሆላንዳዊው ያን ዮስተንም ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ ላይ ቤት ተሰጥቶታል። ቶኪዮ ባቡር ጣቢያ የወረደ ሰው «ያኤሱ» በሚባለው በር ሲወጣ የሚያነበው የዚህን ሰው ስም ነው፤ በጃፓን አፍ ተለውጦ። ከሁለቱም በፊት፣ በ1581፣ ያሱኬ የተባለው አፍሪካዊ በጦር ጌታው በኦዳ ኖቡናጋ ሥር ቤትና ሰይፍ ተሰጥቶት አገልግሏል።

የሴኪጋሃራው ነገር ብዙ ቀለም አያስጨርስም። ሊፍደ 19 የነሐስ መድፍና 500 ጠመንጃ ጭና እንደነበር ተመዝግቧል። ዕቃው ኢዬያሱ እጅ መግባቱንም እቀበላለሁ። ግን ጠመንጃ ጃፓን የገባው በ1543 ነው፤ በፖርቱጋሎች፣ በታኔጋሺማ ደሴት። ብዙ ሳይቆዩ አንጥረኞቻቸው ራሳቸው እየሠሩ በሺህ የሚቆጠር አመረቱ። በ1575 ናጋሺኖ ላይ የፈረሰኛ ጦር በጠመንጃ ሲታጨድ አዳምስ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። በጥቅምት 1600 ሴኪጋሃራ ላይ ሚዛኑን የገለበጠው ደግሞ ኮባያካዋ ሂዴአኪ ነው። 15,000 ያህል ሰው ይዞ ኮረብታ ላይ ቆሞ ሲያይ ውሎ በጦርነቱ መሃል ወደ ኢዬያሱ ዞረ። ኢዬያሱ ያንን ሰው ቀድሞ በደብዳቤና በተስፋ ሲያለሰልሰው ከርሟል። ድሉ መድፍ ከመተኮሱ በፊት በብዕር ተጀምሮ ነበር።

ስለ መርከቡ የጻፉትን ግን ሳነብ ከልቤ ሳቅሁ፤ እውነተኛው ታሪክ ከሳቸውም ይበልጥ የሚያምር ስለሆነ። ኢዬያሱ አዳምስን ጠርቶ ትንሽ መርከብ ሥራልኝ አለው። አዳምስ እኔ አናጺ አይደለሁም፣ ሙያውንም አላውቀውም ብሎ መለሰ። ኢዬያሱም የቻልከውን ሞክር፣ ባይሆንም ምንም አይደለም አለው። እንዲህ የሚል ጌታ ስንቱ አጋጥሞታል? እኔ አንድም አላጋጠመኝም። አዳምስ በልጅነቱ ለንደን አጠገብ ላይምሃውስ የመርከብ ሠሪ ደቀ መዝሙር ሆኖ 12 ዓመት ቆይቷል። ጨርሶ የማያውቀው ነገር አልነበረም ማለት ነው፤ ትንሽ ማፈግፈጉ ይመስለኛል። ኢቶ በተባለው ዳርቻ ከጃፓን አናጺዎች ጋር ሆኖ የ80 ቶን መርከብ ሠራ። ኢዬያሱ ራሱ ወጥቶ አያት፤ ወደዳት። ቀጥሎ የ120 ቶን መጣች። ይህችኛዋ ፓስፊክን ተሻግራለች። የፊሊፒንስ ገዢ የነበረው ስፔናዊው ሮድሪጎ ዴ ቪቬሮ በ1609 መርከቡ ጃፓን ዳርቻ ተሰባብራ ነበርና፣ በ1610 ወደ ሜክሲኮ የተመለሰው በእሷ ነው። ከሃያ በላይ ጃፓናውያንም አብረውት ሄዱ።

ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ አድናቆት ይገባዋል። ግን ሁለት መርከብ ናቸው። «የባሕር ኃይል አባት» ለመባል ቢያንስ ልጅ መኖር ነበረበት። በ1613 የሴንዳይ ጌታ ዳቴ ማሳሙኔ 500 ቶን የሚሆን መርከብ አሠርቶ መልእክተኛውን ሃሴኩራ ጹኔናጋን በሜክሲኮ አድርጎ ወደ ሮም ልኳል። የረዱት ስፔኖች ናቸው፤ አዳምስ እጁ የለበትም። ቀይ ማኅተም ያለበት የኢዬያሱ ፈቃድ የያዙ የጃፓን ነጋዴዎችም እስከ ሲያምና ቬትናም ድረስ ይመላለሱ ነበር። በ1635 ደግሞ ጃፓናዊ ከአገር መውጣት በሞት የሚያስቀጣ ሆነና ያ ሁሉ ቆመ። ጸሐፊው የሚሉት ባሕር ኃይል የት ገባ?

የካቶሊኮቹ መባረር ላይ ስንደርስ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። አዳምስ ፕሮቴስታንት ነው፤ ገና በ23 ዓመቱ ከስፔን ታላቅ የጦር መርከቦች ጋር በተደረገው የ1588 ውጊያ ስንቅ የምታመላልስ መርከብ መርቷል። ስለ ስፔን ደግ ደጉን አላወራም። በ1611 ስፔናዊው ቪዝካይኖ የጃፓንን ዳርቻ ሲለካ፣ አዳምስ በእኛ አገር ይህ የወረራ ዋዜማ ተደርጎ ነው የሚታየው ብሎ ለኢዬያሱ መናገሩ ይወሳል። እሳቱ ላይ ጭራሮ ጨምሯል፤ እሺ።

እሳቱን ግን እሱ አልለኮሰውም። ሚስዮናውያን ከጃፓን ይውጡ የሚለውን የመጀመሪያ ትእዛዝ ያወጣው ከኢዬያሱ በፊት አገሪቱን የገዛው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ነው፤ በ1587። በ1597 ናጋሳኪ ላይ 26 ክርስቲያኖች ሲሰቀሉ አዳምስ ገና አውሮፓ ነው። በ1612 ደግሞ ኢዬያሱ በገዛ ቤቱ ጉድ ፈላበት። ክርስቲያን የሆነው የቅርብ አማካሪው አገልጋይ ኦካሞቶ ዳይሃቺ፣ ሌላውን ክርስቲያን ጌታ አሪማ ሃሩኖቡን መሬት አስመልስልሃለሁ እያለ ጉቦ ሲበላ ተገኘ፤ ሐሰተኛ ሰነድም አዘጋጅቶ ነበር። ለኢዬያሱ ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሰዎቼ ለእኔ ይታዘዛሉ ወይስ ለሌላ የሚለው ነው። በ1614 እገዳው በመላ አገሪቱ ታወጀ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። በዚያው ዘመን እዚህ እኛ አገር ያው የኢየሱሳውያን ማኅበር ነበረ። አፄ ሱስንዮስን አሳምኖ፣ ሕዝብ ተፋጅቶ፣ በ1630ዎቹ አፄ ፋሲል አባረራቸው። ፋሲል ጆሮ ላይ ሹክ ያለው የትኛው እንግሊዛዊ ነው? ያለ አዳምስም ይባረራሉ ማለት ነው። «አገሪቱን አስዘጋ» የሚለው ደግሞ ቀኑ ራሱ አይገጥምም። ፖርቱጋሎች ጠቅልለው የተባረሩት በ1639 ነው። አዳምስ በ1620 ሞቷል። እንዲያውም ሰውየው በሕይወት ሳለ ሲደክም የኖረው በር ለማስከፈት ነው። በ1609 የመጡት ሆላንዶች፣ በ1613 የመጡት እንግሊዞች የንግድ ፈቃድ ያገኙት በእሱ አማላጅነት ነው።

አማላጅ ካልኩ አይቀር «ከዙፋኑ ጀርባ» ወደሚለው ልሂድ። ኢዬያሱ በሕይወት ሳለ አዳምስ ባለሟል ነበር። ጂኦሜትሪና ሒሳብ አስተምሮታል። ይሰቀል ያሉት ፖርቱጋሎችና ስፔኖች ሳይቀሩ ኋላ ላይ ጉዳያቸውን ይዘው ደጁ ይመጡ እንደነበር ጽፏል። ይህን ያህል ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ባለሟል የሚባል ሰው የሚቆመው ጌታው እስከቆመ ነው። የእኛን የቤተ መንግሥት ታሪክ ያነበበ ይህን አያጣውም።

ኢዬያሱ በ1616 ሞተ። ልጁ ሂዴታዳ የአባቱን እንግዶች እንደ አባቱ አልወደዳቸውም። አዳምስና የእንግሊዞቹ ንግድ ቤት ኃላፊ ሪቻርድ ኮክስ የቀድሞውን ፈቃድ ለማሳደስ ኤዶ ሄደው ደጅ ጠኑ። ስጦታ ተሸክመው፣ ዛሬ ነገ እየተባሉ፣ ሳምንታት ቆዩ። በመጨረሻ ወረቀቱ ተሰጣቸው። ደስ ብሏቸው መንገድ ጀመሩ። ውስጡ የተጻፈው የገባቸው ኋላ ላይ ነው፤ ከእንግዲህ ንግዳችሁ በሂራዶና በናጋሳኪ ወደቦች ላይ ብቻ ነው ይላል። ኮክስ ተመልሶ ለመነ፤ አልሆነም። ከዙፋን ጀርባ ያለ ሰው ወረቀቱ ሲጻፍ የት ነበር?

እንግሊዞቹስ ቢሆኑ መቼ ሰሙት? በ1613 የመጣው ካፒቴን ጆን ሳሪስ ንግድ ቤቱን የት ልክፈት ሲል አዳምስ ኤዶ አጠገብ ያለችውን ኡራጋን መከረው። ገዢው ያለበት፣ ተቀናቃኝ የሌለበት ቦታ ነው። ሳሪስ ሂራዶ፣ ከሆላንዶቹ አፍንጫ ሥር ከፈተ። አዳምስንም ጃፓናዊ ሆኗል ብሎ ታዘበው። ቤቱ በ1623 ከስሮ ተዘጋ። ያባረራቸውም አልነበረም።

የቀረው የሚስቱ ነገር ነው። ጸሐፊው በጣም የጨከኑበትም እዚህ ነው። አዳምስ እንግሊዝ ውስጥ ሜሪ የምትባል ሚስትና ዴሊቨረንስ የምትባል ልጅ ነበሩት። ጃፓንም አገባ፤ ጆሴፍና ሱዛና የሚባሉ ልጆች ወለደ። ይህ ሐሜት አይደለም፤ የታወቀ ነው። ረሳ የሚለው ግን ከየት መጣ?

ጃፓን በገባ በአምስተኛው ዓመት ግድም ሚስቴንና ልጆቼን ልይ ብሎ ኢዬያሱን ለመነ። ኢዬያሱ ተቆጣ፤ አልለቀቀውም። ያኔ ቢያንስ ካፒቴኔ ይሂድ ብሎ ለሌላው አማለደ፤ ካፒቴኑ ሄደ። ኋላ ሆላንዶቹ ሲመጡ፣ እንግሊዞች ጃቫ ላይ ባንታም እንደሚነግዱ ሰማ። ያን የ1611 ደብዳቤ የጻፈው ያኔ ነው። የሚጽፍለት የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ለማላውቃችሁ ወዳጆቼና ለአገሬ ልጆች ብሎ ጀመረው። እጁ የገባ ሰው ለንደን ወይም ተወልዶ ላደገባት ጊሊንግሃም ወሬውን እንዲያደርስለት ነው የሚማጸነው፤ በሕይወት እንዳለ ሚስቱ እንድትሰማ። የረሳ ሰው እንዲህ አይጽፍም።

በ1613 እንደገና ጠየቀ። የጉልቱን ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለበትን፣ ከብብቱ አውጥቶ ኢዬያሱ ፊት አስቀመጠው። አገሬ ልሂድ አለ። ኢዬያሱ አተኩሮ አየውና የእውነት መሄድ ትፈልጋለህ? አለው። አጥብቄ አለ። ያን ጊዜ ብከለክልህ እበድልሃለሁ ብሎ ለቀቀው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ተፈቅዶለትም አልሄደም። ከሳሪስ ጋር ተቀያይሟል። ባዶ ኪስ ይዤ አልመለስም ብሏል። የንግድ ቤቱ በዓመት 100 ፓውንድ ሲቀጥረው ቀረ። ሄሚ ያሉት ልጆቹም ያኔ ትንንሾች ነበሩ። ባሕር ማዶ ለዓመታት ኖሮ «ዘንድሮ እገባለሁ» እያለ የቀረ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ለመረዳት የጃፓን ታሪክ ማንበብ አያስፈልገውም። እኔ አጎቴን አስቤ ነው ያነበብኩት።

በግንቦት 1620 ሂራዶ ላይ ታሞ ሞተ፤ 55 ዓመቱ ነበር። ኑዛዜው አለ። ንብረቱን ለሁለት ከፈለው። ግማሹ እንግሊዝ ላሉት ለሚስቱና ለሴት ልጁ፣ ግማሹ ለጆሴፍና ለሱዛና። ሂዴታዳም የሄሚን ጉልት ለጆሴፍ አጸናለት። ስሙንም ወረሰ፤ እሱም ሚኡራ አንጂን ተባለ። ጆሮ የሚሰጠው ሾጉን (የጃፓን የጦር ገዢ) ግን አልወረሰም። የአባቱን ሰይፎች ለልጁ ያስረከበው ኮክስ ነው። በማስታወሻው ላይም ሲያስረክበው እንባ መፍሰሱን መዝግቧል።